የቅሬ ጠሪው ድምፅ

እኔ ባለ ወፍጮ ነኝ። ከመርሳ ወደ ግራና ሲወጣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች መንደር ውስጥ የሰው እህል ስፈጭ ጠጉሬ ነጣ፤ ግማሹ ሽበት ነው፣ ግማሹ ዱቄት። ሰው ወፍጮ ቤት የሚመጣው እህል ሊያስፈጭ ይመስላችኋል። እህሉ ሰበብ ነው። የሚመጣው ወሬ ፍለጋ ነው። ማን ልጁን ሊድር እንደሆነ፣ የማን ላም መንታ እንደወለደች፣ የማን ልጅ ከዓረብ አገር ሻንጣ እንደላከች፣ ሲሪንቃ ካለው የምርምር ጣቢያ የመጣውን አዲሱን የማሽላ ዘር ወፍ ይወደው እንደሆነ፣ ሁሉም የሚሰማው እኔ በር ላይ ተሰልፎ ነው። ችግሩ፣ ሞተሩ አንዴ ከተነሳ እኔ ራሴ አንዲት ቃል አልሰማም። ሰዎቹ ሲስቁ አይቼ እስቃለሁ፣ ፊታቸው ሲጠቁር አብሬ ከንፈሬን እመጣለሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ የሳቅኩበትን ነገር ትነግረኛለች፤ አንዳንዴ ጨርሶ የሚያስቅ ሆኖ አይገኝም።

ስለ ቅሬያችን ልንገራችሁ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፤ እኔ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብስምም የመስጊዱን ሼህ አባት መቃብር ቆፍሬያለሁ፣ የእኔን እናት ቃሬዛ ደግሞ ሼሁ ተሸክመዋል። ሰው ሲሞት የሚቆፍረው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ሐዘንተኛውን ቁጭ ብሎ የሚያበላው ቅሬው ነው። ቅሬ የቀረ ሰው የቅሬው ዳኛ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ይናገራል። ያ እንኳ ቀላል ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ በየመንገዱ የሚጠብቀው የሰው ዓይን ነው።

ሞቱን የሚነግረን ደግሞ ጠሪው ነው። ጠሪያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው አጠር፣ ደረታቸው ሰፋ ያለ አዛውንት ናቸው። በመንደሩ መሃል አንዲት ጉብታ አለች። ሞት በተሰማ ጠዋት አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው እሷ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ «ቅሬ! የላይ ሰፈር! የታች ሰፈር! ማዶ ያለህ! ቅሬ ውጣ!» ይላሉ። የሟቹን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የሚቀበርበትን ሰዓት ያስከትላሉ። የጠፋ አህያም ይጠራሉ፣ የከብት ክትባትም ይጠራሉ፤ ለአህያው ግን ጋቢያቸውን ሸብ አያደርጉም።

በጉልበታቸው ጊዜ የነበረው ድምፅ ጉድ ነበር። ውርጌሳ ድረስ ይሰማል የሚሉ ነበሩ። ውሸት ነው፤ ግን ስለ ራሳችን መንደር የሚወራ ውሸት ስለሆነ ማናችንም አላስተባበልነውም። በጦርነቱ ወራት ስልኩም መብራቱም ሲጠፋ መንደሩ ያለችው በእሳቸው ጉሮሮ ነበር። መንገዱ ተከፈተ አልተከፈተም፣ እህል ከየት ይገኛል፣ ማን ሞተ፣ ማን በሕይወት ተመለሰ፣ ሁሉንም የሰማነው ከጉብታዋ ነው። ሰው ፈርቶ ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ያ ድምፅ ሲመጣ ጎረቤት እንዳለው ትዝ ይለው ነበር።

ሰላም ሲሆን ስልኩ ተመለሰ። ወጣቶቹ ለዳኛው ሐሳብ አቀረቡ። ለምን በስልክ አንነጋገርም፣ ወይም የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለ አይደል፣ እኚህ ሽማግሌ ለምን ይደክማሉ አሉ። ሽማግሌው ስብሰባው መሃል ተነሡ።

«ሞት በመብራት ነው የሚነገረው? መብራት የጠፋ ቀን ሟቹን እስኪመጣ ቆይ ልትሉት ነው?»

በዚያው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ብዙ ቆየ። ሐሳቡም በዚያው ቀረ።

ከጉብታዋ ግርጌ የምትኖር አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ ጋር እኩል ነው፤ ልጆች ሆነን አብረን ወፍ ጠብቀናል። ጥቂት ፍየሎችና የበርበሬ ማሳ ነበራት። አንዲት ልጇ ዓረብ አገር ናት። ምላሷ ደግሞ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ምላጭ ነው። ወፍጮ ቤት ስትመጣ ተራዋን ጠብቃ አታውቅም፤ ሰልፉን እያሳቀች ሳያውቁት ፊት ትደርሳለች። ከሁሉ በላይ የምትነካካው ጠሪውን ነበር።

«እኚህ ሰውዬ ሊገድሉኝ ነው! የጠሩ ቀን ጣራዬ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ፍየሎቼ በርግገው በርግገው ወተት ከለከሉኝ» ትላለች።

እሳቸውም ካሉ ዝም አይሉም። «ቤትሽን ማን እዚያ ሥሪ አለሽ? እኔ ጉብታዋ ላይ ስቆም አንቺ አልተወለድሽም» ይላሉ። ሲቆጡ ግን ፊታቸው ላይ የቁጣ ምልክት አይታይም ነበር። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነበር የሚሄዱት። እኛ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ አይዋደዱም ብለን ነገራቸውን እንደ ቀልድም እንደ ጠብም ቆጥረን ተውነው።

ሽማግሌው ተቀምጠው ሲያወሩ ድምፃቸው ሻከር ማለቱን ሁላችንም አስተውለናል። ሽማግሌ ናቸው፣ ቢሻክር ምን ይገርማል? ቅሬ በተጠራ ቁጥር ሰዉ ከላይም ከታችም ከማዶም ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ታዲያ ማን ምን ይጠረጥራል?

እኔ ለራሴ ቅሬ ሲጠራ የምሰማበት የራሴ መንገድ ነበረኝ። ደረት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩን አጥፍቼ ሳነሳ ያቺው የጉብታዋ ግርጌ ሴት ናት።

«ወፍጮህ እየጮኸ አትሰማም ብዬ ነው። ቅሬ ነው። የታች ሰፈሩ አናጢ አልፏል። ደወለችልኝ ብለህ ደግሞ ለሰው እንዳታወራ፤ ሰውዬው እኔ ጠርቼ እያለ በስልክ ነገረችብኝ ብለው ያኮርፉኛል።»

ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም። በልጅነት ጓደኝነታችን ለእኔ ብቻ የምታደርገው ነገር እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ ኮራም እል ነበር።

ያለፈው ዓመት ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ በጠዋቱ ሞተር አስነሥቼ ጤፍ ስፈጭ ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። የምትለው አልተሰማኝም፤ እሷ ራሷ ሄዳ ሞተሩን አጠፋችው። ያቺ ሴት የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን ሰግዳ እዚያው ስጋጃዋ ላይ ጋደም እንዳለች አልፋ ነበር። ወንፊት ልትመልስ የሄደች ጎረቤት ናት ያገኘቻት። ስልኬ ለምን አልተንቀጠቀጠም ብዬ ኪሴን ነካሁ። የሰው ልጅ ጅል ነው፤ ሞተች እየተባልኩ እንድትደውልልኝ ጠበቅኋት።

ከጉብታዋ ሥር ስደርስ ሽማግሌው ጠርተው እየወረዱ ነበር። ላብ በላብ ሆነዋል። ሴቶቹ እሷን ለማጠብ ውሃ ያሞቃሉ። እኛ የቅርብ ቤት ወንዶች ዶማና አካፋ ይዘን ከጉብታዋ ብዙ ወደማይርቀው መቃብር ቦታ ሄድን። አፈሩ ደረቅ ነው፣ ድንጋይ አለበት። በሌላ ጊዜ ወረፋ እየተጠበቀ፣ አንዱ ካንዱ እጅ ዶማ እየቀማ ነበር የሚቆፈረው። ያን ቀን እያረፍን ቆፈርን፣ የሚቀበለን ስላልነበረ መልሰን ያው እኛው ቆፈርን። ቀና እያልኩ መንገዱን አያለሁ። ከላይ ሰፈር ማንም አይመጣም። ከታችም የለም። ከወንዙ ማዶ በየማሽላው ማማ ላይ ሰው ቆሞ ወፍ ሲያባርር ይታየኛል። ወንጭፍ የሚያጮህ ሰው እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ጀናዛዋ በነጭ ጨርቅ ተከፍና በቃሬዛ ከመቃብሩ ወዲህ ሾላው ሥር አረፈች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። የመስጊዱ ሼህ ሰዓታቸውን አዩ።

«ጀናዛ አይቆይም። ያለነው እንስገድባትና እንቅበር» አሉ በለሆሳስ።

«ትንሽ እንጠብቅ፤ ሰው ይመጣል» አሉ ሽማግሌው። «ጠርቻለሁ እኮ። ሰው ይመጣል።»

እንዲህ እያሉ አሁንም አሁንም ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ዕድሜ ልኳን የሰው ቅሬ ስትወጣ የኖረች ሴት፣ አገር እንደማያውቃት መንገደኛ በጥቂት ሰው ልትቀበር ነው። ልጇ ነገ ከዓረብ አገር ደውላ «እናቴን ማን ማን ቀበረልኝ?» ስትል ምን እንላታለን? ከሴቶቹ መሃል አንዷ፣ «የናቋት ልጇ አጠገቧ ስለሌለች ነው» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

የቅሬው ዳኛ በባጃጅ ከች አሉ። ቤታቸው የላይ ሰፈር ነው፤ ያን ቀን ግን ጠዋት ወጥተው መርሳ ነበሩና ወሬውን የነገራቸው የባጃጁ ሾፌር ነው። ዘመዱ ሞቶ በሰው አፍ የሰማ ሰው እንዴት እንደሚቆጣ ታውቃላችሁ። ከባጃጁ ሳይወርዱ ጀመሩ።

«በመንገዴ የላይ ሰፈርን ቤት ለቤት ጠየቅሁ። አንድም የሰማ የለም! ጠርተዋል ወይስ አልጠሩም?»

«ጠርቻለሁ» አሉ ሽማግሌው።

«ከእሷ ጋር ሲነቋቆሩ እንደኖሩ እናውቃለን። ለሞት ግን ይደረጋል? በሞት ይኮረፋል?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። «ወላሂ ጠርቻለሁ» ማለታቸውን ያወቅሁት ከከንፈራቸው ነው። እኛ ጉብታዋ ላይ አይተናቸዋል ብለን መሰከርን። ዳኛው አልተቀበሉንም፤ ሰው ጉብታ ላይ መቆሙ ጠራ ማለት አይደለም አሉ። እኔም ብሆን ያየሁት ሲወርዱ ነው እንጂ ሲጠሩ አልሰማሁም። ቂም ይዘው የሟች ጥሪ ነፈጉ ከተባለ ለእኚህ ሰው በዚያ መንደር ከዚያ በኋላ ሰላምታ የሚሰጣቸው አይገኝም። ሞተው እንኳ ማን እንደሚወጣላቸው እንጃ።

ያን ጊዜ የዳኛው ጥያቄ ጆሯቸው የደረሰ የላይ ሰፈር ሰዎች እየሮጡ መምጣት ጀመሩ። የማዶዎቹም ሰው ሲሮጥ አይተው ከማማቸው ወርደው መጡ። ፊት የደረሰው እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ የሽንኩርት ገበሬ ነው። ደረቱን እየመታ ቃሬዛው አጠገብ ቆመ።

«እንዴት ነው ስልክ ያልተደወለልኝ?» አለ።

«የምን ስልክ?» አሉ ዳኛው።

«እሷ ነበረች እኮ የምትደውልልኝ። የውሃ ሞተርህ ስለሚጮህ ጥሪውን አትሰማም እያለች። ለሰው አትንገር ስላለችኝ ነው እንጂ…»

ዶማዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «ለእኔም ነበር የምትደውለው» አልኩ። «በወፍጮው ምክንያት።»

ከማዶ የመጡ አንዲት እናት መቀነታቸውን እያጠበቁ ቀረብ አሉ። «ለእኔም። ነፋሱ ድምፁን ወደ ወዲያ እየወሰደባችሁ ነው ትለኝ ነበር።» ሌላውም እንዲሁ አለ። እሱ ቤቱ ገደሉ ሥር ስለሆነ ነበር። ሌላዋ ሕፃን ስለምታለቅስባት። እያንዳንዳችን ጥሪው የማይሰማው ለእኔ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይሰማል ብለን ኖረናል። ሰው በተናገረ ቁጥር ዳኛው ቁጣቸው እየበረደ ሄዶ በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔን ጆሮህ ከብዷል ብላኝ ነበር» አሉ። «እኔም አመንኳት። ወልድያ ድረስ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ ጆሮህ እንደ ሕፃን ጆሮ ነው ቢለኝ፣ ይህ ልጅ ሥራውን አያውቅም ብዬ ሰድቤው ነው የወጣሁት።»

አንድ ሰው ሳቀ። ቃሬዛው ፊት ሳቀ፤ ከዚያ ደንግጦ አፉን ያዘ። ሁላችንም ሽማግሌውን ማየት አንፈልግም ነበር፣ ሁላችንም ግን አየናቸው።

እሳቸው የሚያዩት ቃሬዛውን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ጠየቁ።

የሚያውቅ አልነበረም። ብናውቅም የምንነግራቸው አይመስለኝም።

«ጣራዬ ይንቀጠቀጣል ስትለኝ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

እኔ እዚያ ቆሜ ስለ እሷ አሰብኩ። ለሁሉም ቤት የሚስማማ ሰበብ ፈልጋ፣ ለየአንዳንዳችን በልካችን ሰፍታ፣ አፋችንን ደግሞ አዘግታ ነበር የኖረችው። ከዚያ ወፍጮ ቤት መጥታ ሰውዬው ጮኹብኝ ብላ ትሰድባቸዋለች። ሽማግሌው የመንደሩ ጠሪ ሆነው ቀና ብለው እንዲሄዱ ያደረገቻቸው እሷ ናት። እንዴት ያለ ደግ ሰው ከእኛ ጋር እንደነበረ ያወቅነው ጉድጓዷ አፍ ላይ ቆመን ነው።

ዳኛው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «አውፍ ይበሉኝ። ክፉ ነገር ተናግሬያለሁ።»

«አውፍ ብዬሃለሁ» አሏቸው ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ሼሁ ዞሩ። «ሼኽዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሱኝ። ይቺ ሴት አልተጠራችም።»

«ሰዉ እኮ አሁን መጥቷል» አሉ ሼሁ።

«መምጣቱንስ መጥቷል። አልተጠራችም ግን።»

ሼሁ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሸብ አድርገው ጉብታዋን መውጣት ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። ከእኛ መሃል ሄዶ ሊደግፋቸው የተንቀሳቀሰውን ወጣት ዳኛው ክንዱን ይዘው አስቀሩት። ጫፏ ላይ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። ደረታቸው ተነፋ። አፋቸው ተከፈተ።

ምንም አልሰማሁም። ሾላው ላይ ያሉት ወፎች ይሰማሉ። የእሳቸው ድምፅ ግን የለም። አፋቸው ወደ ላይ ሰፈር ዞሮ ተከፈተ፣ ወደ ታች ሰፈር ዞሮ ተከፈተ፣ ወደ ማዶ ዞረ። በመጨረሻ እጃቸውን አውርደው ቆሙ።

የሽንኩርቱ ገበሬ ነው የጀመረው። መዳፉን በአፉ ዙሪያ አድርጎ፣ «ሰማን!» ብሎ ጮኸ። የማዶዋ እናት ተከተሉት። ዳኛው «ሰማን!» አሉ። ከዚያ ሁላችንም ጮህን፤ እኔም እንባዬ እየወረደ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ሰማን!» አልኩ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረዱ። መጥተው ፊታችን ቆሙና አንድ በአንድ አዩን።

«ሰማችሁ?» አሉ።

«ሰማን» አልን።

«ምን አልኩ?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«እናንተ መዋሸት አትችሉም» አሉን። «የምትችለው እሷ ነበረች።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከቃሬዛው የፊት እጀታ ሥር ትከሻቸውን አስገቡ። እኔም በሌላው በኩል ያዝኩ።